ፈተናውን ተዪው፣ ስለ ስምንቱ ወር እናውራ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ታሞ አገር ቤት ሄጄ ስምንት ወር ቆየሁ። አባቴ አረፈ። እዚያው እያለሁ የቆየ እጮኛዬን አገባሁ። ለባለቤቴ በግሪን ካርዴ አመልክቼለት እየጠበቅን ነው። ከቀድሞ ትዳሩ የሰባት ዓመት ልጅ አለው። ጓደኞቼ «ሲቲዝን ሁኚ፣ ነገሩ ያጥራል» ይሉኛል። እኔ ግን ፈተናውን ስለምፈራ ፎርሙን እከፍተውና መልሼ እዘጋዋለሁ። ሌላም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቼ ፖሊስ ይዞኝ አንድ ሌሊት አድሬ ተለቅቄያለሁ። ክሱ ተሰርዟል። ፎርም የሚሞላልኝ ሰው «እሱን አታንሺው» ብሎኛል። ከሁሉም በላይ እናቴ «ዜግነትሽን ልትለውጪ?» ብላ አለቀሰች። አባቴ ያወረሰን ቤትስ ምን ይሆናል? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከአሜሪካ

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እናትሽንም ያጽናናልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ታዘብኩ። ፈተናው እንቅልፍ ነስቶሻል። ስምንቱን ወር ግን የአባትሽን ሕመም ለመንገር ያህል ጠቅሰሽው አልፈሻል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምጨነቀው በተቃራኒው ነው። ፈተናውን ብትወድቂ እንኳ እዚያው ማመልከቻ ላይ ሁለተኛ ዕድል አለሽ። ጉዞሽና ያቺ አንድ ሌሊት ግን በወጉ ካልተያዙ ማመልከቻውን ራሱን ይጥሉታል። ስለዚህ ከእነሱ እንጀምር።

የአሜሪካ የዜግነት ሕግ ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች አሉት። ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው በአካል እዚህ የተገኘሽባቸው ቀናት ድምር ነው። ካመለከትሽበት ቀን ወደ ኋላ በሚቆጠሩት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር አሜሪካ ውስጥ መሆን አለብሽ። ይሄ አያሳስብሽም፤ ስምንት ወር ተቀንሶም ይተርፍሻል። ሁለተኛው ኑሮሽ እዚህ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ፣ ከ1 ዓመት በታች ውጭ ከቆየሽ ኢሚግሬሽን «ኑሮዋ ተቋርጧል» ከሚል ግምት ይነሳል። አልተቋረጠም ብሎ ማስረዳቱ የአንቺ ፋንታ ነው። አንድ ዓመት ሞልቶሽ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ማስረዳትም ብዙ አያዋጣም ነበር፤ ቆጠራው ይፈርስና እንደገና ትጀምሪያለሽ።

እግረ መንገዴን፣ «እኔ ሪኢንትሪ ፐርሚት አውጥቼ ነው የሄድኩት» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ረጅም ጉዞ ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ያ የመመለሻ ፈቃድ ግሪን ካርድን ይጠብቃል። የዜግነት ቆጠራን ግን አይጠብቅም። በዚህ የተሸወደ ሰው ብዙ ነው።

ያንቺ ስምንት ወር እንግዲህ መሃል ላይ ነው ያለው። ኦፊሰሩ ማወቅ የሚፈልገው ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በእነዚያ ወራት ቤትሽ የት ነበር? ሥራሽ ይጠብቅሽ ነበር ወይስ ለቀሽ ነው የሄድሽው? የተከራየሽውን ቤት ይዘሽ ቆየሽ? እዚያስ ሥራ ይዘሽ ነበር? ይሄን አልጻፍሽልኝም። መልሱ ግን ሁሉን ይወስናል።

አሠሪሽ ፈቃድ ሰጥቶሽ ከነበረ ያንን የሚል ደብዳቤ አጽፊ። የኪራይ ውሉን ፈልጊ። በሌለሽባቸው ወራት ኪራዩ፣ ስልኩና የመኪና ኢንሹራንሱ ሲከፈል የሚያሳየውን የባንክ ወረቀት አውጪ። የዚያን ዓመት ታክስ እንደ ነዋሪ አሳውቀሽ ከሆነ ማስረጃው (ትራንስክሪፕቱ) ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በነፃ ይገኛል። ስትሄጂ የቆረጥሽው ደርሶ መልስ ትኬት ኢሜይልሽ ውስጥ ካለ እንዳትሰርዢው። መመለሻው ቅርብ ቀን ከነበረና አባትሽ ሲብስባቸው አራዝመሽው ከሆነ፣ ያቺ አንዲት ገጽ ካንቺ ንግግር በላይ ትናገራለች። የሆስፒታሉን ወረቀትና የሞት የምስክር ወረቀቱንም ከነትርጉሙ ጨምሪ። ግን ልብ በይ። የአባትሽ ሕመም ለምን እንደቆየሽ ነው የሚያስረዳው። ኑሮሽ እዚህ እንደነበር አያስረዳም። የሐኪም ወረቀት ብቻ ታቅፎ ኢንተርቪው የሚገባ ሰው ግማሹን ነው ይዞ የሚሄደው።

ሥራውንም ለቀሽ፣ ቤቱንም አስረክበሽ፣ ሻንጣሽን ጓደኛሽ ጋ አስቀምጠሽ ከሄድሽ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አሁን ባታመለክቺ እመርጣለሁ። ከተመለስሽበት ቀን 4 ዓመት ተኩል ሲያልፍ፣ ወደ ኋላ በሚቆጠረው 5 ዓመት ውስጥ የሚወድቀው የዚያ ጉዞ ክፍል ከ6 ወር ያነሰ ይሆናል። ያኔ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። መጠበቅ እንደሚያስመርር አውቃለሁ፤ በተለይ ባል ማዶ ሆኖ። በዚህ ምክንያት ብቻ ማመልከቻሽ ውድቅ ቢሆን ግሪን ካርድሽ አይነካም። ገንዘብሽ ግን አይመለስም። ክፍያው በኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ወደ 380 የሚወርድበት መንገድ አለ፤ በገቢ ማነስ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ጭራሽ እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል። ዋጋውም ፎርሙም ስለሚለዋወጥ፣ የምትልኪ ዕለት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን የዩኤስሲአይኤስን ድረ ገጽ አንድ ጊዜ እዪው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት። «እሱን አታንሺው» ያለሽን ሰው አመስግነሽ ተሰናበቺው። የምሬን ነው። ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም የሚጠይቅሽ ተፈርዶብሽ ያውቃል ወይ ብቻ አይደለም። ተይዘሽ፣ ታስረሽ ወይም ተከሰሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው የሚለው። ክሱ ቢሰረዝም፣ መዝገቡ ቢታሸግም፣ «ከእንግዲህ ለማንም መናገር የለብሽም» ተብለሽ ቢሆንም መልሱ «አዎ» ነው። አሻራ ትሰጫለሽ። አሻራሽ ደግሞ ያቺን ሌሊት አስቀድሞ ያውቃታል። የተሰረዘ ክስ ብቻውን ዜግነት አያስከለክልም። ምለሽ የዋሸሽው ውሸት ግን ያስከለክላል፤ ብታልፊ እንኳ ዓመታት ቆይቶ ዜግነቱን ሊያስነጥቅ ይችላል። ኢንተርቪው ክፍል ደግሞ ቀኝ እጅሽን አንስተሽ የምትምዪው አንቺ ነሽ። ፎርም የሞላልሽ ሰው ያን ሰዓት ሥራው ላይ ነው።

ክሱ ወደታየበት ፍርድ ቤት ሂጂና ጉዳዩ እንዴት እንደተዘጋ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጠይቂ። የተጣላሽው ከማን ጋር እንደሆነ አልነገርሽኝም። አብሮሽ ከሚኖር ሰው ጋር ከነበረ ኢሚግሬሽን ለየት አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ጉዞሽንም እስርሽንም ይዘሽ፣ ሳታመለክቺ በፊት አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። ሙሉ ጉዳዩን እንዲይዝልሽ መቅጠር አይጠበቅብሽም፤ የአንድ ቀጠሮ ምክር ይበቃል። አቅም ካጠረሽ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያግዙ ድርጅቶች አሉ። ፎርም መሙላትና የሕግ ምክር መስጠት ለየቅል ናቸው፤ ያ ሰውዬ ጠበቃ ወይም ዕውቅና ያለው ካልሆነ ሁለተኛውን እንዲያደርግ ፈቃድ የለውም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ወይም ስታድሺ «ለምርጫ ልመዝግብሽ?» የሚል ሣጥን ይመጣል። ዜጋ ሳንሆን፣ ቋንቋው ገና ሳይገባን «አዎ» ብለን የምናልፈው ጥያቄ ነው። ለማንኛውም ስምሽ መራጮች መዝገብ ውስጥ እንዳይኖር አጣሪ፤ ካለ ጠበቃውን ሳትጠይቂ ፎርሙን አትላኪ። ወንድሞቻችን ደግሞ ከ18 እስከ 26 ዓመታቸው ድረስ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ በሚባለው የውትድርና ጥሪ መዝገብ መመዝገብ ግዴታቸው ነው፤ ይሄ ይረሳል። በዲቪ ጊዜ ለወረቀት ብቻ የተጋባ ወይም ትዳርና ልጅ የደበቀ ሰው ካለ ደግሞ ይሄን ይስማ፤ የዜግነት ማመልከቻ የድሮውን ፋይል ከሥሩ ነው የሚያስወጣው።

ቀን ላይም ተጠንቀቂ። የጋብቻ ወረቀትሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ፣ ባለቤትሽን ስታመለክቺ ወደ ፈረንጅ የለወጥሽውን ቀን አሁንም ያንኑ ጻፊ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት ዓመት ስለሆነ እዚያ ላይ የሚሳሳት አስተርጓሚ አለ። አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዓመት፣ ሌላው ላይ ሌላ ዓመት ሲመጣ ኦፊሰሩ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አያስብም። ስለ ውሸት ነው የሚያስበው። ባለፉት 5 ዓመታት ከ24 ሰዓት በላይ የወጣሽባቸውን ጉዞዎችም ከፓስፖርትሽ ማኅተም ላይ እያየሽ ጻፊ እንጂ ከጭንቅላትሽ አይሁን።

ፈተናው እንግዲህ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ የሚያመለክት ሰው በአዲሱ ነው የሚፈተነው። ጥያቄዎቹ 128 ናቸው፤ እስከ 20 ትጠየቂያለሽ፤ 12 ከመለስሽ አለፍሽ። 12 እንደሞላልሽ ወይም 9 እንደተሳሳትሽ ይቆማል። ስለዚህ በድሮው 100 ጥያቄ ያጠኑ ጓደኞችሽ ያወረሱሽን ወረቀት አስቀምጪውና ከዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ አዲሱን አውርጂ። ጥያቄውም መልሱም እዚያው በግልጽ አለ። የክልልሽ ገዥ ማን ነው እንደሚለው ያለ፣ ሰው ሲቀየር የሚቀየር መልስም ስላለ ከቀጠሮሽ በፊት ባለው ሳምንት አረጋግጪ። ማንበቡ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አንዱን፣ መጻፉም ከሦስት አንዱን በትክክል ማድረስ ነው። አጫጭር ናቸው። በእንግሊዝኛ ሌሊቱን ሙሉ ከአረጋውያን ጋር ስታወሪ፣ ከነርሷ ተረክበሽ ስታስረክቢ የምታድሪ ሴት ለዚህ አታንሺም።

እንግሊዝኛ የሚከብደው ሌላ ቦታ ነው። ንግግርሽ የሚለካው ኦፊሰሩ ፎርሙን እያገላበጠ ሲጠይቅሽ ነው። እዚያ ውስጥ የዕለት ተዕለት ያልሆኑ ቃላት አሉ፦ መሐላ፣ ማሳደድ፣ ሽብር፣ የታጠቀ ቡድን፣ ሚሊሺያ። ያልገባውን ጥያቄ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ የሚያልፍ ሰው አለ። ኦፊሰሩም «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይይዘዋል። ከ128ቱ ጥያቄ እኩል የራስሽን ፎርም አጥኚ። እያንዳንዱን «ታውቂያለሽ ወይ» በአማርኛ ለሰው ማስረዳት እስክትችዪ ድረስ አንብቢው። ካልሰማሽ ደግሞ «ይድገሙልኝ» ማለት አያስቀጣም። የሆነ ክፍል ቢያመልጥሽ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ተጠርተሽ ያንኑ ክፍል ብቻ ትፈተኛለሽ። ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎቼም አይጨነቁ። 50 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የቆዩ የእንግሊዝኛው ይነሳላቸዋል። ስለ አገሪቱ የሚጠየቁትን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ይመልሳሉ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው፤ ግን ግማሽ ልክ። ሲቲዝን ስትሆኚ ያስገባሽው ማመልከቻ ወደ ዜጋ ባል ምድብ ይዛወራል። ያ ምድብ የቪዛ ኮታ ወረፋ የለውም። ያልነገሩሽ ስለ ልጁ ነው። አሁን ባለው የግሪን ካርድ ማመልከቻ ልጁ ከአባቱ ጋር ተቀጥሎ ሊመጣ ይችላል። ሲቲዝን በሆንሽ ቀን ያ መቀጠል ይቀራል። ለዜጋ የትዳር ጓደኛ በሚገባ ማመልከቻ ላይ ልጅ ተደርቦ አይመጣም፤ ለብቻው አይ-130 የሚባለው የቤተሰብ ማመልከቻ ያስፈልገዋል። አባት ቪዛው ወጥቶለት ልጁ ኤርፖርት ድረስ ሸኝቶት የቀረበት ቤተሰብ አለ። ጋብቻችሁ የተፈጸመው ልጁ 18 ሳይሞላው ስለሆነ እንደ እንጀራ እናት አንቺ ልታመለክቺለት ትችያለሽ። ለዚያ ደግሞ ዜግነት መጠበቅ የለብሽም፤ በግሪን ካርድሽም ይቻላል። የልጁ ወላጅ እናት ካለች ባልሽ ስለ ልጁ መሄድ ከእሷ ጋር ንግግሩን ከአሁኑ ይጀምር።

እናትሽ ጋ ልምጣ። እናትሽን «ምንም አይቀየርም» ብለሽ አታጽናኛት፤ ይቀየራል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። አሜሪካ ፓስፖርትሽን አምጪ አትልሽም። «ሁለቱንም ይዤ እየኖርኩ ነው» የሚል ሰውም ታገኚያለሽ። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አያውቅም። ያን ፓስፖርት ከመሐላሽ በኋላ እየመዘዝሽ ቦሌ ላይ መንቆራጠጥ ለአንቺ አይገባሽም።

ዜግነት ከተተወ ግን በር ተዘጋ ማለት አይደለም። ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። እሱን ከያዝሽ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖሪያለሽ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠሪያለሽ። ቤትም በስምሽ ይሆናል። የማይቻልሽ መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በቋሚነት መቀጠር ነው። አንድ ቀን ጠቅልለሽ ብትመለሺ ደግሞ እዚያ መኖሪያሽን መሥርተሽ፣ የያዝሽውን የውጭ ዜግነት ትተሽ ኢትዮጵያዊነትሽን መልሶ እንዲሰጥሽ ማመልከትን ሕጉ ይፈቅዳል። ይሄን ለእናትሽ በስልክ ቁጭ ብለሽ አስረጂያት። ባልሽንና የልጅ ልጅ ልትለው የምትችለውን ልጅ አንድ ቤት ለማግባት እንደሆነም ንገሪያት። ታለቅስ ይሆናል። የልጅ መራቅ ያስለቅሳል፤ ወረቀቱ አስታወሳት እንጂ ልጇ ከራቀቻት ስድስት ዓመቷ ነው። አንቺም በልብሽ ካልተዋጠልሽ፣ ግሪን ካርድን እያደሱ መኖር ነውር አይደለም። ዕድሜ ልኩን እንዲያ የሚኖር አለ። ብቻ ውሳኔው ያንቺ ይሁን፤ የጓደኞችሽም የእናትሽም አይሁን።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ ካርዱ ቢጠብቅሽም፣ የወራሽነት ማረጋገጫውንና የስም ዝውውሩን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትሽ በእጅሽ እያለ ብትጨርሺ ወረቀትሽ ይቀላል። መሄድ ካልቻልሽ ለእናትሽ ወይም ለወንድም እህት በኤምባሲ በኩል ውክልና ስጪ። ውርስ ሲንጠለጠል ቤተሰብ ያጣላል። በዜግነት ጥያቄ ተደርቦ ሲንጠለጠል ደግሞ ይብሳል።

ካለፍሽ በኋላም ቃለ መሐላው እስኪፈጸም ሲቲዝን አይደለሽም። በመሃል ስላለው ጊዜ በዚያው ዕለት ፎርም ትሞያለሽ፤ ወጥተሽ ነበር ወይ፣ ተይዘሽ ነበር ወይ ይልሻል። ስለዚህ በዚያ መሃል ረጅም ጉዞ አይታሰብ። መሐላው ላይ ግሪን ካርድሽን ትመልሻለሽ። ፓስፖርት እስክታወጪ ድረስ ትኬት አትቁረጪ። የአሜሪካ ፓስፖርቱ ሲመጣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደሽ መረጃሽን አስቀይሪ። የባለቤትሽ ጉዳይ የቪዛ ፋይሎችን የሚያዘጋጀው ናሽናል ቪዛ ሴንተር ደርሶ ከሆነ ደግሞ የዜግነት ወረቀትሽን ኮፒ ላኪላቸው፤ ምድቡን የሚቀይሩት ያን ሲያዩ ነው። የልጁን አይ-130 ግን እስከዚያ አታቆዪው። ኤን-400ሽን አሁን ላክሽም፣ ዓመታት ጠበቅሽም፣ የልጁን በዚህ ሳምንት አስገቢ።